የአርቡ ተራ

ጥቅምት 24፣ ሐሙስ

ዛሬም ዘግይቼ ደረስኩ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሊለው የፈለገውን በወሩ መጨረሻ ደመወዜ ላይ አየዋለሁ። ጫማዬ ላይ እበት ነበር። የስድስተኛ ክፍል ልጆች አይተው ተሳሳቁ... ይሳቁ። የሁሉም እናት ጫማ ላይ አለ።

ገና ሳይነጋ ተነስቼ ለበሬው ገለባ ሰጠሁ፣ ለእማዬ ቁርሷን አቀረብኩ፣ ማሳውን ዞር ብዬ አየሁ። ጤፉ መገርጣት ጀምሯል። ዘንድሮ ቆንጆ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ግን "ማን ያጭደዋል?" የሚል ነው።

ደመወዜን መሬቱ ይበላዋል። መሬቱ የሰጠውን ቤቱ ይበላዋል። የተረፈ ጊዜ ካለ ደግሞ ትምህርት ቤቱ። ለእኔ ምን ቀረ? ይቺ ማስታወሻ። እሷንም እያንቀላፋሁ ነው የምጽፋት።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ሥራ የለም። ማለቴ ትምህርት ቤት የለም። እርሻ ደግሞ አይቻልም፣ ሰንበት ነው። እኛ ዘንድ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበራል። ማጭድ አይነሳም፣ ሞፈር አይነሳም። ውሃ መቅዳት፣ ከብት ማጠጣት ይቻላል፤ መሬት ግን አይነካም። የነካ እንደሆነ በረዶ ይመጣል ይላሉ። የሚመጣውም በነካው ሰው ላይ ብቻ አይደለም፣ በአገሩ ሁሉ ላይ ነው።

ስለዚህ የእኔ ኑሮ እንዲህ ሆነ... ከሰኞ እስከ አርብ መሬቱ ክፍት ነው፣ እኔ የለሁም። ቅዳሜና እሑድ እኔ አለሁ፣ መሬቱ ዝግ ነው። አንዳንዴ እኔን ለማስቸገር ታስቦበት የተሠራ ይመስለኛል።

መሳፍንት ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ማርቆስ ከተማ አጠና ይነግዳል፤ ለእሱ የዓለም ችግር ሁሉ መፍትሔው ባህር ዛፍ ነው። ተክለሽበት አርፈሽ አስተምሪ፣ አይታረም፣ አይታጨድ፣ ማዳበሪያ አይል... አባዬ ጤፍ ያበቀለበትን መሬት? አልኩት። "አባዬ አስተማሪ አልነበረም" አለኝ። ዘጋሁበት። የሚያናድደኝ እውነቱን መሆኑ ነው።

ግን ባህር ዛፍ የገባበት መሬት መቼ ተመልሶ ያውቃል? ደግሞ ጎረቤታችን አያ ፈንታ አሉ። የእሳቸው ማሳና የእኔ ማሳ በአንድ ድንበር ነው የሚለየው። ዛፉ የእሳቸውንም ውሃ ይመጥጠዋል። እንዴት አድርጌ ዓይናቸውን አያለሁ?

ኅዳር 2

አያ ፈንታ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? አባዬ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ነን። እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ እሳቸው አንድ በሬ አላቸው። አቀናጅተው የሁለታችንንም ያርሳሉ። እኔ ደግሞ ከደመወዜ የሁለታችንንም ማዳበሪያ እገዛለሁ። የተፈረመ ነገር የለም። ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ባል ብዬ የያዝኩትም ሰውዬ ሞፈሩን ጥሎ አዲስ አበባ ከገባ ቆየ። እንኳን ሄደ። ማረስም አያውቅበትም ነበር።

ዛሬ ማታ ከበረት ሲመለሱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "የብርጓል፣ በሬሽ ከሳ፣ ወይስ አንቺ ነሽ የከሳሽው?" አሉኝ። ሁለታችንም ነን አልኳቸው። ሳቁ። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ጤፉ ደርሷል። የሁላችንም በአንድ ጊዜ።

ወንፈል ገብተናል። ሦስት ቤት ነን፤ አያ ፈንታ፣ እንዳላማውና እኔ። በተራ ለአንዱ እናጭዳለን። ነገና ከነገ ወዲያ የእንዳላማው ነው። አርብ የአያ ፈንታ። ቅዳሜና እሑድ ሰንበት። ሰኞ ኅዳር ሚካኤል። ማክሰኞ የእኔ።

ማክሰኞ ግን ከወረዳ ለክትትል ይመጣሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ንቅንቅ እንዳትዪ ብሎኛል። የምሰጥሽ አርብን ብቻ ነው አለ። በሌላው ቀን በእኔ ምትክ ለሌሎቹ የሚያጭድ ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ለራሴ ተራ ግን እኔ መኖር አለብኝ። ምግቡስ? ክምሩስ? እማዬ እንደሆነ ከጉልበቷ የተነሳ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከደጅ አታልፍም።

እንዴት ነው አንድ ሰው ሁለት ቦታ የሚቆመው?

ኅዳር 7

ማታ አያ ፈንታ ጋ ሄጄ አወራኋቸው። ልለምን አልነበረም የሄድኩት... ነው እንጂ፣ ለልመና ነው። ራሴን ልዋሽ?

ገና ሳልጨርስ ገባቸው። "አርቡን አንቺ ውሰጂው። እኔ ማክሰኞ እሆናለሁ። ጤፌ እንደሆነ የት ይሄዳል" አሉ። ለእንዳላማው እኔው እነግረዋለሁ አሉኝ። ሚስታቸው እትዬ የኔአለም ጓዳ ነበሩ፤ አልሰሙም መሰለኝ። ከዚያ ስለ በሬ አወራን።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከድካም እንጃ።

ኅዳር 9፣ አርብ

ታጨደ። ሁሉም ባይሆን... ከታች በኩል፣ ወደ ወንዙ ያለችው ጥግ ቀረች። ሳንደርስባት መሸብን። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። አያ ፈንታ በዚያ ዕድሜያቸው ከሁላችን ቀድመው ነበር የሚያጭዱት፤ የራሳቸው ጤፍ አጠገባችን ቆሞ እያየን።

ስልኬ ለነገ ዝናብ ይላል። ደመናውም ደስ አይልም። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ፣

"አያ ፈንታ፣ ነገ ብንጨርሳትስ?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ?" ብለው ሳቁ። "አንቺ ልጅ ደክሞሻል። ግቢና ተኚ። ማክሰኞ የእኔን ስናጭድ እሷንም እናነሳታለን።"

ማክሰኞ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። ዝናቡ ደግሞ ማክሰኞን ይጠብቃል?

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሄድኩ። ማጭዱን በነጠላዬ ስር ደብቄ። ሌባ እንኳ እንዲህ አይሄድም። ለራሴ ያልኩት፦ ትንሽ ናት፣ ቶሎ እጨርሳለሁ፣ ማንም አያይም፣ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ በረዶ የሚመጣው ከደመና ነው... ይህን ሁሉ እያልኩ ከማጨዴ በፊት ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ታዲያ የትኛዋ ነኝ እኔ?

እትዬ የኔአለም ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ አዩኝ። "እንዴት አደርሽ" አሉኝ። እንዴት አደሩ አልኩ። ማጭዱን አይተውታል። እንስራቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሲመለሱ በሌላ መንገድ ሄዱ።

አጨድኩ። ነዶውን ሰብስቤ ከአርቡ ጋር ከመርኩት፣ ሸራ አለበስኩት፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ቤት ገብቼ ገና እግሬን ስታጠብ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ነፋስ። ከዚያ በረዶው ቆርቆሮው ላይ... እማዬ ከአልጋዋ ተነስታ "እግዚኦ፣ እግዚኦ" ትላለች። እኔ አልተነሳሁም። እግሬ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቁጭ አልኩ።

ሲያባራ ወጣሁ። ብዙም አልቆየም ነበር፤ ግን የበሰለ ጤፍ ስንት ይችላል? የአያ ፈንታ ማሳ ምንጣፍ ሆኗል። ፍሬው ጭቃ ውስጥ ነው፣ የሚለቀም አይደለም። እሳቸው መሐሉ ላይ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። የእኔ ክምር ደግሞ ከድንበሩ ማዶ ሸራውን ለብሶ ቆሟል።

ቀና ብለው አዩኝ። "ያንቺስ ተረፈ?" አሉኝ። ተረፈ አልኩ። "ተመስገን" አሉ።

ምነው በሰደቡኝ።

ኅዳር 11፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ አባ ገዳሙ ሕዝቡን አቆሙት። ዝናቡ ገና ነው፣ የተረፈ ያለው ዛሬም ነገም ይሰብስብ፣ ለነፍስ ማቆያ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ፈቅዳለች አሉ። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በቀጥታ ወደ ማሳው ሮጠ። በነጭ ነጠላው እሑድ ጠዋት አገር ሁሉ ሲያጭድ አየሁ።

የንስሐ አባቴ ናቸው፤ ቀረብኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። 

"ዝናብ እንደሚመጣ አርብ ማታ ከስልክሽ አውቀሽ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ አባቴ።"

"ያኔ መጥተሽ ብትነግሪኝ ለሁሉም አውጅ ነበር። ለፈንታም።"

ሌላ ነገርም ተናግረዋል፤ አልሰማሁትም። ቤታቸው ከእኛ ቤት ያን ያህል አይርቅም። አርብ ማታ በራቸውን አልፌ ነው የገባሁት። ለምን አልጠየቅኩም? አይፈቅዱም ብዬ... አይደለም። ጠይቄ ቢከለክሉኝ ማጨድ እንደማልችል ስለማውቅ ነው። ስለ ራሴ ጥግ እንጂ ስለ ሌላው ጤፍ ማን አስቦ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ታቦቱ ወጣ። ሰው ሁሉ ነበር። እኔ ባለሁበት ሲደርሱ ወሬ ያቆማሉ፣ ሳልፍ ይቀጥላሉ። ቅዳሜ፣ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ... እንዳላማው ፊት ለፊት ነገረኝ፤ ከእንግዲህ ወንፈል ከአንቺ ጋር የለንም አለ። ቤቱ ሦስት ልጆች አሉ፣ ነዶው ገና ሳይከመር በረዶው አግኝቶት ከጤፉ የተረፈው ግማሹ ነው። 

እትዬ የኔአለም ከዛፉ ስር ቁጭ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ተሸፍነው ያለቅሳሉ። ሴቶቹ ከበዋቸዋል።

በቅዳሜው አምናለሁ? አላውቅም። አንዳንዱን ሰዓት አምናለሁ፣ አንዳንዱን አላምንም። ግን ዛሬ ቆሜ ሳስብ አንድ ነገር መጣብኝ። ቅዳሜው ቢቀር፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ቤቴ ተኝቼ ብውል፣ በረዶውም እንዲሁ ቢመጣ... የአያ ፈንታ ጤፍ አርብ ታጭዶ ነበር። ተራው የእሳቸው ነበር። ለእኔ ብለው ነው ማሳ ላይ የቀረው።

ሰው ሁሉ ቅዳሜን ያወራል። አርቡን የሚያወራ የለም።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

ከወረዳ የመጡት የትምህርት ዕቅዴ ጥሩ ነው አሉ። ዛሬ የአያ ፈንታ ተራ ነበር። ማጭድ ያነሳ የለም።

ኅዳር 28

አባ ገዳሙ ቀኖና ሰጥተውኛል። ስግደቱን ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እሰግዳለሁ። ክፍል ስገባ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ስለ ውሃ ዑደት አስተማርኩ። ትነት፣ ደመና፣ ዝናብ። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ "መምህርት፣ በረዶስ?" አለች።  እንደ መጽሐፉ አስረዳሁ። ማንም አልጻፈም።

ታኅሣሥ 16፣ እሑድ

የእማዬ የሰንበቴ ተራ ነበር፣ ማኅበሩን የምታበላበት። በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ስትጠብቀው ነው የከረመችው። ዳቦውን ትናንት አስጋገርን፣ ጠላውንም ሰው ተሸከመልን። ደርሰን ገና ሳናወርድ የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴው፣ መጥቶ በቀስታ አናገራት፤ ለዛሬ ሌላ ሰው ይዟል፣ የእርስዎ ለሌላ ጊዜ ይሁን አላት። ሽማግሌ ነው፣ እሱም አፍሯል።

እማዬ "ይሁን" አለች። በምርኩዟ እየተደገፈች ተመለሰች። ቤት ስንደርስ፣ "አባትሽ በዚያ ሰንበቴ ስንት ዘመን ጠጣ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዳቦውን ማን ይብላው? በሬው በላው።

ጥር 24

የግማሽ ዓመት ዕረፍት። ጤፉ መወቃት አለበት። ማንን ልጥራ? በሬ አለኝ፣ አንድ። ሰው የለኝም።

አያ ፈንታ ሳልጠራቸው ሁለቱንም በሬዎች ነድተው መጡ። ለብቻቸው። አውድማው ላይ በሬዎቹን ሲያዞሩ ዋሉ፣ እኔ ገለባውን ስገለብጥ። ቀኑን ሙሉ የተነጋገርነው ስለ ነፋሱ ነው። ፍሬው ሲከማች... አምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ጤፍ አይቼ አላውቅም። ማስቀየም የፈለገ ሰው ያበቀለው ይመስላል።

ግማሹን ይውሰዱ አልኳቸው። ለመንኳቸው። "እኔ በወሰድኩ፣ የኔአለም ግን ቤት አታስገባውም" አሉ። ሸጬ ብሩን ልስጣቸው? "ብሩስ ያው አይደል?" አሉ።

በሬያቸውን ነድተው ሄዱ። እህል እየገዙ እንደሚበሉ ሁሉም ያውቃል። በምን ገንዘብ? እሱን ማንም አያውቅም።

የካቲት 8

እማዬ አዲሱን ጤፍ አልበላም ብላ ከረመች። እንጀራውን ሳቀርብላት ሳህኑን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው።

"የአርቡ የትኛው ነው?"

"አንድ ላይ ነው እማዬ። አብሮ ነው የተከመረው።"

"እንግዲያ ሁሉም ቅዳሜ ነው" አለች።

ሁለት ሳምንት የገብስ ቂጣ በላች። ጥርስ የላትም፣ በውሃ እያራሰች። ትናንት ጤፉን ጭኜ ማርቆስ ወሰድኩት። እዚያ በየትኛው ቀን ታጨደ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጠጠር አለው ወይ ብቻ ነው የሚሉት። በብሩ ሌላ ጤፍ ገዝቼ ተመለስኩ። ከማን ማሳ እንደመጣ፣ የስንት ቅዳሜ እንዳለበት ማን ያውቃል። እማዬ ግን ባርካ በላች። ተገላገልኩ ልበል?

ከሽያጩ የተረፈው የመኪና ኪራይና የገበያ ኮቴ ሲከፈል አለቀ። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት የሰው ጤፍ ለመግዛት ነው።

መጋቢት 19

ደመወዝ ዘግይቷል። ማዳበሪያም የለም ይላሉ። መሳፍንት ደወለ። አላነሳሁም።

ሚያዝያ 5

ለፋሲካ የበሬ ዋጋ ሲወጣ አያ ፈንታ በሬያቸውን ይጁቤ ገበያ ወስደው ሸጡት። ለእርሻ የሚገዛው አላገኙም፤ ሉካንዳ ቤት ነው የወሰደው።

ጠዋት ሲነዱት አየሁ። የእኔ በሬ ከበረት ውስጥ ጮኸ። አብረው ስንት ክረምት አርሰዋል... አያ ፈንታ ወደ እኛ በረት አላዩም። ሮጬ ወጥቼ አይሽጡት ማለት ፈልጌ ነበር። ከዚያስ? ልጆቻቸውን ምን ያብሏቸው?

ተመልሰው ሲመጡ አለንጋው ብቻ በእጃቸው ነበር።

ግንቦት 17

አንድ በሬ ምን ያደርጋል? ይበላል። አቀናጁኝ ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። አንዱ በሬዬ ታሟል ይላል፣ አንዱ ለዘመድ ሰጥቻለሁ ይላል። እንዳላማው ብቻ ነው የማይዋሸኝ፤ "ሰው ምን ይለኛል" አለ።

አገሩ ሁሉ ጠቁሯል፣ ሁለተኛ እርሻ ላይ ነው። የእኔና የአያ ፈንታ ብቻ ገለባው እንደቆመ አለ። ከሩቅ ስታየው ለቅሶ ቤት ይመስላል።

ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ረሳሁ። ልጆቹ ጠበቁኝ። ጠበቁኝ... አንዷ "መምህርት፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለችኝ። ውጡ አልኳቸው። ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ።

ሰኔ 21

ለመሳፍንት እሺ አልኩት። በስልክ ነው፤ አንድ ቃል ነች፣ ለማለት ዓመት ፈጀብኝ። ደስ ብሎት ስለ ችግኝ ብዙ አወራ። በሬውንም ሊሸጠው ራሱ መጥቶ ወሰደልኝ። በረቱ ባዶ ነው። ሳይነጋ መነሳት ቀረልኝ፤ ግን አሁንም በዚያው ሰዓት ነቅቼ ጣሪያውን አያለሁ።

አያ ፈንታ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ድንበሩ ላይ እንዳይተከል አደርጋለሁ፣ ራቅ ይደረጋል አልኳቸው። "ተዪው፣ እኔም ካላረስኩት ለማን ብለሽ ነው" አሉ። መሳፍንት ጉድጓድ ቆፋሪ እንደሚፈልግ ሰምተው ነበር። የቀን ሥራ እንዳለ ጠየቁኝ። እኔን።

ሐምሌ 6፣ ሐሙስ

ዛሬ አያ ፈንታ የአባዬን መሬት ጉድጓድ ጉድጓድ ሲያደርጉት ዋሉ። ሌሎች ሁለት ቆፋሪዎችም ነበሩ፤ ለምሳ ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። ውሃ ይዤላቸው ሄድኩ። ብዙ ቆሜ አየኋቸው። ዶማውን እንደ ሞፈር በጥንቃቄ ነው የሚይዙት፣ ለክፉ ሥራም ቢሆን።

ከእንግዲህ ካልተናገርኩ መቼ ነው የምናገረው ብዬ አወጣሁት።

"አያ ፈንታ፣ ያ አርብ የእርስዎ ነበር።"

አላቆሙም። ሁለት ሦስቴ ቆፈሩ። ከዚያ ዶማውን ተደገፉ።

"አውቃለሁ" አሉ። "በረዶው ሲጀምር መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ያንቺ ቅዳሜ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ሰው ሁሉ..."

"ምን ብዬ? ደግ ሠርቼ ከሰርኩ ብዬ?" ውሃውን ጠጡ፣ ጣሳውን መለሱልኝ። "ለየኔአለም ተራው ያንቺ ነበር ብያታለሁ። እንዳትነግሪያት። በሰው ኃጢአት ነው የመጣብን ስትል ትችለዋለች። ባሌ በእጁ ሰጥቶት ነው ካለች ግን... ከእኔም ጋር አትኖር፣ ለሰውም ሁለተኛ እጇን አትዘረጋ። ቅዳሜው ይሻላታል።"

ለእኔስ? ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ "ባንቺ ከበደ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ቆፋሪዎቹ ተመለሱ። እሳቸውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይህ ሲያልቅ ማርቆስ ወርደው የቀን ሥራ እንደሚፈልጉ ነግረውኛል፣ የሕንጻ ሥራ። በስልሳ ዓመታቸው ድንጋይ ሊሸከሙ።

ሐምሌ 9፣ እሑድ

ችግኙ ትናንት ከሰዓት በመኪና መጣ፤ በረቱ ውስጥ ደርድረነዋል። ነገ ይተከላል። እማዬ አንዴ አየችውና በሩን ዝጊው አለችኝ።

ከቅዳሴ ስንወጣ እትዬ የኔአለም ከኋላዬ መጡ። ከኅዳር ወዲህ ቀርበውኝ አያውቁም።  ከስተዋል፣ ነጠላቸው ሁለት ቦታ ተጥፏል። ከሰው ራቅ አድርገው አጥሩ ጥግ አቆሙኝ። አያ ፈንታ ትናንት ማርቆስ ሄደዋል። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም አሉ፣ እንዳላማው አንድ ነገር ጣል አድርጎልኝ። እግዚአብሔርን ፈርተሽ ንገሪኝ አሉ፣ እዚሁ ደጁ ላይ ቆመናል።

"ያ አርብ የማን ተራ ነበር?"

ዓይኔን ነው የሚያዩት። ለአፍታ ልናገረው ነበር። እውነቱን ብናገር እኔ እቀላለሁ፤ ቢያንስ ለአንድ ሰው የቅዳሜዋ ሴት ብቻ አልሆንም። የሚገርመው፣ ከዚህ ሁሉ መከራ ይልቅ የተፈተንኩት በዚህች ደቂቃ ነው።

"የእኔ" አልኳቸው። "ተራው የእኔ ነበር እትዬ። በቅዳሜው ነው ያጠፋሁት። ይቅር ይበሉኝ።"

ትከሻቸው ወረደ። አለቀሱ፣ እንደ ኅዳሩ አይደለም፣ ቀስ ብለው። ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝና ጉንጬን ሳሙኝ። ሴቶቹ ከሩቅ አዩ።

እማዬን ደግፌ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ የኔአለም ምን አለችሽ አለችኝ። ይቅር አሉኝ አልኳት። "እሷ እንኳ ደግ ናት" አለች እማዬ። አዎ፣ ደግ ናቸው አልኩ። አያ ፈንታ ማርቆስ ላይ ሥራ አግኝተው እንደሆነ እስካሁን የሰማ የለም።